ሸክላ በቡና መንገድ

በ1890 ዓ.ም. ክረምት መግቢያና መውጫ ላይ ሁለት ነገሮች ሆኑ። ሰኔ ላይ ከጎሬ ወርዶ ባሮንና ሶባትን የተከተለው የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ነጭ ዓባይ ዳር ደረሰ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝ አገር ሆነው ለፎኖግራፍ ተናገሩ፤ ድምፃቸው የተቀረጸበት የሰም ጥቅልም ታሽጎ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ተላከ። ጥቅሉ አዲስ አበባ ገብቶ በተሰማ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ደጋግመው አዳመጡት፤ መድፍም ተተኮሰ። ከዚያ በኋላ ንግሥቲቱ እንዳዘዙት ጥቅሉ ተሰበረ። በተከታዩ ዓመት ምኒልክና ጣይቱ በተራቸው ድምፃቸውን አስቀርጸው ላኩ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ለንደን ውስጥ ተቀምጧል።

በአገራችን የሙዚቃ ሸክላ ታሪክ ሲነሣ ወሬው ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ፣ ያውም ከፒያሳ ይጀምራል። እኔ ግን ጎሬ ባለችበት በኢሉባቦር ቆሜ ልመለከተው እፈልጋለሁ። ሸክላው የሄደበትን መንገድ ሳስበው የቡናው መንገድ ይመስለኛል፤ ለቅሞ የሚያደርቀው አንዱ፣ የሚያጣጥመው ሌላው። የምኒልክ ድምፅ ለንደን መቅረቱ የዚህ የመጀመሪያው ምልክት ነው።

የተሰማ ጦር በወረደበት መንገድ ብዙም ሳይቆይ ንግድ ወጣበት። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ተቆረቆረ። ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው ጋምቤላ ይደርሳሉ፤ ውሃው ሲጎድል መንገዱ እስከ ከርሞ ይዘጋል። ከጎሬ ደጋ ቡናው በበቅሎና በሰው ጫንቃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጨውና አቡጀዲው ሽቅብ ይወጣል። ግሪኩም፣ ሶርያዊውም፣ አርመኑም ጎሬ ላይ ሱቅ ከፈተ። ዛሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ጸጥ ብላ የተቀመጠችው ጎሬ በዚያ ዘመን የምዕራብ ኢትዮጵያ በር ነበረች።

ግራሞፎን ለእንዲህ ያለ አገር የተበጀ ዕቃ ነው። መብራት አይጠይቅም። እጀታውን ሲያሾሩት ሞላው ይጠነክራል፤ ሞላው ሲፈታ ሳህኑ ይዞራል፤ መርፌው በሸክላው ላይ የተቀረጸውን ቀጭን ቦይ ተከትሎ ይንዘፈዘፋል፤ ጥሩንባው ድምፁን ያጎላል። በቅሎ ላይ ቢጭኑት፣ ድንኳን ውስጥ ቢያስቀምጡት ግድ የለውም። የሚያሳስበው ሸክላው ነው። የጥንቱ ሸክላ የሚሠራው ሕንድ አገር በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ ነበር፤ ሙጫው ሸላክ ይባላል፤ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተለውሶ ይጋገራል። ከእጅ ካመለጠ እንደ እንስራ ይፈረካከሳል። “ሸክላ” ያልነው ከ“ሸላክ” ሰምተን ነው ወይስ ስብርባሪውን አይተን? የቋንቋ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔ አንድ ጊዜ የጣልኩ ሰው ስለሆንሁ ከሁለተኛው ወገን ነኝ።

በዚህ ሸክላ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ የሆነው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው። አዲስ አበባ ድረስ አውቶሞቢል ነድቶ ከመጣ አንድ ጀርመናዊ ጋር በተያያዘ ጉዳይ ምኒልክ ስለ መኪና እንዲማር ወደ ጀርመን ላኩት። ተሰማ ግን መኪናውን ብቻ አልተማረም፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀርጾ ተመለሰ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ አንዱ ገጽ ሦስት ደቂቃ ያህል ቢይዝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማሲንቆ የሚገዘግዝ፣ የጋባዡን ስምና የአባቱን ስም ሰምቶ ግጥም እዚያው የሚፈጥር አዝማሪ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ነገር እንዲያቀርብ ተጠየቀ ማለት ነው። ተሰማ የቅኔ ሰው ነበርና አላቃተውም። ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚያ ቅጂዎች ተሰብስበው ፓሪስ ላይ በሁለት ሲዲ ታትመዋል፤ ሽርሽርታው እንዳለ ሆኖ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሌላው ትውልድ የሚያውቀው የእግር ኳሱ ሰው ይድነቃቸው ተሰማ የእርሱ ልጅ ነው።

ጃዝ የሚባለው ነገር ወደ አገራችን ሲገባ በሸክላ ሳይሆን በናስ ጥሩንባ ነው የገባው። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን የሙት ልጆች ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። አርባ ልጆች ተባሉ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል የተሰማው የመንግሥቱ መዝሙር የኬቮርክ ድርሰት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱን፣ ቀጥሎም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሙዚቀኞች አስተማረ። ኋላ በሸክላው ላይ የምንሰማው የሳክስፎንና የትራምፔት ክፍል እየተቀባበለ የሚጫወትበት ወግ ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ ነው።

በመካከሉ ጦርነት ገባ። በ1928 ዓ.ም. ግንቦት ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ ዞረ፤ ራስ እምሩ በዚያ ሆነው ጥቂት ወራት ተከላከሉ። ጎሬ ወደቀች፤ ራስ እምሩም ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ሙዚቃ የሚወራበት ጊዜ አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ ሸክላ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ ማስመጣትንም ማሳተምንም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። የሚገርመው በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ላይ ኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረውን ትልቁን ሸክላ አወጣ፤ በተከታዩ ዓመትም አርሲኤ ባለ 45 ዙሯን ትንሿን ሸክላ አመጣ። ሁለቱም ከሸላክ ሳይሆን ቪኒል ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ቢወድቁ አይሰበሩም፤ የትልቁ አንድ ገጽ ሃያ ደቂቃ ይዘልቃል። የዚያ ገጽ ቀጭን ቦይ ቢዘረጋ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሌላው ዓለም ለረጅም ሙዚቃ በሩን ሲከፍት እኛ ቁልፉን ለአንድ ማኅበር ሰጥተን ተቀመጥን።

ቢሆንም ድምፅ ቁልፍ አያግደውም። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ ሬድዮ ጃዙንና ሪትም ኤንድ ብሉዙን ይለቅ ነበር። ከ1955 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ፤ ጊታርና ሸክላ የያዘ ፈረንጅ መምህር የዚያ ዘመን ተማሪዎች ሁሉ የሚያስታውሱት ሰው ነው። በአዲስ አበባ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ይፎካከራሉ። ጥላሁን ገሠሠ የክቡር ዘበኛ ነበር። ደንብ ልብስ ለብሶ ስለ ፍቅር የሚዘፍን ወታደር በሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ የኢሉባቦር ጎረቤት ጅማ ትገባለች። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ። ወላጆቹ መሐንዲስ እንዲሆን ወደ ዌልስ ላኩት፤ እርሱ ግን ሙዚቃ ላይ አረፈ። ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያ አትላንቲክን ተሻግሮ ቦስተን በርክሊ ተማረ፤ በዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ “አፍሮ ላቲን ሶል” የተባሉ ሁለት ትልልቅ ሸክላዎች ዎርዚ በሚባል ትንሽ ኩባንያ አሳተመ።

የሙላቱ ጥያቄ ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ከባድ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። የጃዝ ሰው ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ይጠቀማል፤ ከአንዱ ዜማ ሥር ሌሎችን እየደራረበ ያወፍረዋል። ድምፁ ያለ ልክ ከተደራረበ አንቺ ሆዬ አንቺ ሆዬ መሆኗ ይጠፋል፤ ካልተደራረበ ደግሞ ጃዝ አይሆንም። እንደ ቡና አቆላል ነው፤ ትንሽ ካለፈ የሚሸተው እሳቱ እንጂ ቡናው አይደለም። ሙላቱ ዜማውን በአምስቱ ድምፅ ትቶ ሌላውን ከሥሩ በቪብራፎኑና በፒያኖው በጥንቃቄ አስገባ። ስሙንም ኢትዮ ጃዝ አለው።

ግን አገር ቤት ይህን በሸክላ የሚያሳትም ማን ነው? ድንጋጌው ገና አለ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ የሙዚቃ ሱቅ ያለው ወጣት ድንጋጌውን እያወቀ ጣሰው። ከመታሰር የሚከፋ ነገር አይመጣብኝም ብሎ ይመስለኛል። ዓለማየሁ እሸቴን “ትማርኪያለሽ” እና “ያ ታራ” የሚሉትን ሁለት ዘፈኖች አስቀረጸና ቅጂውን ለማተም ወደ ሕንድ ላከ፤ ዋጋው የረከሰው እዚያ ነበር። ሸላክ ከሚያመነጩት ነፍሳት አገር አሁን ደግሞ ፕላስቲኩ መጣ ማለት ነው። ሸክላው ተሸጦ አለቀ፤ አምሃም አልታሰረም። እዚህ ላይ የስም ነገር ይገርመኛል፦ በሸክላ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሰማ እሸቴ፣ ድንጋጌውን የሰበረው አሳታሚ አምሃ እሸቴ፣ የዚህ አሳታሚ የመጀመሪያ ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ዓመታት ማንበብ ሳይሆን መስማት የሚገባቸው ናቸው። አምሃ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላና አንድ ደርዘን የሚያህል ትልልቅ ሸክላ አሳተመ። የሆላንዱ ፊሊፕስም ገበያውን አይቶ ገባ። በ1965 ዓ.ም. ገደማ “አሊ ታንጎ” በሚባል ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ የራሱን ካይፋ ሬከርድስ ጀመረ። በ1961 እና በ1970 ዓ.ም. መካከል በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና 30 ገደማ ትልልቅ ሸክላዎች ታትመዋል። ከአሥር ዓመት ላነሰ ጊዜ ብዙ ነው፤ ለአንድ አገር ሙዚቃ ሁሉ ግን ጥቂት ነው። ለዚህም ነው ሰብሳቢዎች ዝርዝሩን ጨርሰን እንይዘዋለን ብለው ዕድሜያቸውን የሚፈጁት።

ከእነዚያ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የጌታቸው መኩሪያን እመርጣለሁ። ጌታቸው የይፋት ልጅ ነው፤ ሽለላንና ፉከራን ወደ ሳክስፎን የወሰደ ሰው ነው። ጦረኛው ዘራፍ ሲል የሚያወጣውን ያን የተሰነጠቀ ድምፅ በናሱ ውስጥ አስገብቶ ያስጮኸዋል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1972 ትልቁን ሸክላውን ሲያሳትም የኒው ዮርክ ሰዎች ፍሪ ጃዝ የሚሉት ነገር ዓለምን እያነጋገረ ነበር፤ የሁለቱ መመሳሰል ኋላ አውሮፓውያንን ግራ አጋብቷል። ማን ከማን ወሰደ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ፎካሪው ከማንም አልወሰደም።

በዚሁ ዘመን በኦሮምኛ የተዘፈነ ሸክላም ወጣ። ድሬዳዋ ተወልዶ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ያደገው ዓሊ ቢራ ዘፈኖቹን አሳተመ፤ መቱም፣ በደሌም፣ ያዮም በራሷ ቋንቋ የምትሰማው ሸክላ አገኘች። ስለ ወርቃማው ዘመን የሚጽፉ ሰዎች ይህን በግርጌ ማስታወሻ ያልፉታል። ከኢሉባቦር ለሚያይ ሰው ግን ይኸኛው ከዓለማየሁ ቅላጼ ያላነሰ ጉዳይ ነው።

ኅዳር 1966 ዓ.ም. ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ ገባ። ሙላቱ አብሮት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ሸለሙት። የዓለም የጃዝ ሸክላ ሰብሳቢዎች ሁሉ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ሰው፣ በአካል፣ እዚህ! ነገር ግን ጊዜው እየጠበበ ነበር። ኤሊንግተን በግንቦት አረፈ። በየካቲት የፈነዳው አብዮት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። እንግዳውም ጋባዡም በአንድ ዓመት ውስጥ ከመድረክ ወረዱ። በዚያው ወቅት አምሃ “ኢትዮ ጃዝ” የሚለውን የሙላቱን ትልቅ ሸክላ አወጣ፤ ሸክላው ላይ ካሉት ዜማዎች አንዱ “የካቲት” ይባላል።

በ1967 ዓ.ም. አምሃ ከአገር ወጣ፤ ወደ አሜሪካም ሄደ። ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ገደላቸው። የቀሩት የሆቴል ባንዶች ናቸው፤ ሂልተን ውስጥ ዋልያስ ይጫወታል፤ እላፊው ከመድረሱ በፊት ያልወጣ እንግዳ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፍራል። ዋልያስ በኃይሉ መርጊያ ኦርጋን መሪነት እ.ኤ.አ. በ1977 “ቸ በለው” የሚል ዘፈን አልባ ትልቅ ሸክላ በካይፋ አሳተመ። በውስጡ ያለው የግርማ በየነ ድርሰት “ሙዚቃዊ ስልት” ዛሬ የብዙ አገር ባንዶች ይጫወቱታል። ያን ጊዜ ግን ሸክላ እየጠፋ፣ ካሴት እየመጣ ነበር። ካሴት ርካሽ ነው፤ ቤት ውስጥ ይገለበጣል፤ ሕንድ ድረስ መላክ አያስፈልገውም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ የመጨረሻዎቹ ሸክላዎች ታተሙ። በዚያው ዘመን የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። ስለዚህ መቱ ዋና ከተማ የሆነችው ሸክላው ሲያልቅ ነው።

ስለ መቱ ስናወራ ግን ማንም ሰብሳቢ የማይጠብቀው አንድ ክር አለ። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ካርልሃይንዝ ቦም የተባለ የፊልም ተዋናይ በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ ከተመልካቹ ጋር ውርርድ ገባ፤ ለአፍሪካ ድሃ ሕዝብ ገንዘብ አዋጡ አለ። ከዚያ “ሰዎች ለሰዎች” የተባለው ድርጅት ተወለደ፤ መጀመሪያ ኤረር ሸለቆ፣ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ደግሞ ኢሉባቦር ገባ። የመቱ ሰው አቶ ካርል ይለዋል፤ የመቱ ካርል ሆስፒታል በስሙ ይጠራል፤ አብዲ ቦሪ የተባለውን የሕፃናት ማሳደጊያም ያቋቋመው ድርጅቱ ነው። የዚህ ሰው አባት ማን መሰለህ? ካርል ቦም፣ የቪየናና የበርሊን ፊልሃርሞኒክን የመራው፣ ዶይቼ ግራሞፎን የሞዛርትን ሲምፎኒዎች በሙሉ በሸክላ ያሳተመለት መሪ ነው። ልጁ ያን ውርርድ ከተወራረደ ከሦስት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 8 ቀን፣ አባቱ አረፈ። ልጁ ራሱ በአንድ የዲዝኒ ፊልም ላይ ቤትሆቨንን ሆኖ ተውኗል። ቢጫ መለያ ያለው የካርል ቦም ሸክላ በየትኛውም የአውሮፓ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይገኛል፤ የልጁ ስም ግን የሚነበበው መቱ ሆስፒታል በር ላይ ነው።

በዚያው 1977 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሺህ ቤተሰብ በሠፈራ ወደ ኢሉባቦር መጣ። አመጣጡ መራራ ነበር፤ ስለ ሙዚቃ ለመጻፍ ያንን መራራነት ማለሳለስ አልፈልግም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሙላቱ ኒው ዮርክ ላይ ሲፈትናቸው ከነበሩት አራት ቅኝቶች ሁለቱ ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ሸክላው ያላመጣቸውን ቅኝቶች ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ይዘዋቸው ወደ ቡናው ጫካ ገቡ።

በ1982 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ ኢሉባቦር የሶር ወንዝ የመብራት ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ አምስት ሜጋ ዋት። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ያለ መብራት የሚሠራው ግራሞፎን በጎሬ ዘመን ነበረ፤ መብራት የሚጠይቀው የቪኒል ማጫወቻ ደግሞ ዘመኑ ካለፈ በኋላ መብራቱ መጣለት።

ወደ ኋላ ትንሽ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1984 ፈረንሳይ አገር ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ የሙዚቃ ዝግጅት አዘጋጅ የድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰማ። በተከታዩ ዓመት አዲስ አበባ ነበር። ሙዚቃው ያለው፣ ሙዚቀኛውም ያለው፣ ሸክላው ግን የትም የማይታተምበት አገር አገኘ። በእርሱ ጥረት የማሕሙድ “እረ መላ መላ” እ.ኤ.አ. በ1986 ብራስልስ ላይ በድጋሚ ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ቡዳ ሙዚክ በተባለ የፓሪስ አሳታሚ “ኢትዮፒክስ” የሚለውን ተከታታይ ጀመረ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ፣ አሥራ አራተኛው የጌታቸው፣ ሃያ አንደኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ ሃያ ሰባተኛው የተሰማ እሸቴ፣ ሃያ ስምንተኛው የዓሊ ቢራ ነው። እማሆይን ከጃዝ ጋር የሚደባልቋቸው የውጭ ሰዎች ናቸው፤ እርሳቸው ፒያኖ ላይ የሚጫወቱት የራሳቸውን ጸሎት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ “ብሮክን ፍላወርስ” በተባለው ፊልሙ የሙላቱን ሙዚቃ አሰማ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሩጫ ነው። ናስና ዴሚያን ማርሊ የሙላቱን “የግሌ ትዝታ” ቆርጠው በራፕ አስገቡት። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አጠገብ ታክሲ እየነዳ፣ ደንበኛ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መያዣ ኪቦርድ አውጥቶ እየተለማመደ ሳለ፣ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አሮጌ ካሴቱን ገዛ፤ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በሸክላ ታተመ፤ በተከታዩ ዓመትም “ቸ በለው” ተከተለ። ለመጀመሪያው የካይፋ ቅጂ ግን ሰብሳቢዎች በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከመክፈል አልቦዘኑም።

አሁን ቡናውን ማንሣት ይቻላል። ለውጭ ገበያ ደረጃ የወጣለትን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ለዓመታት በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ያዮ ጫካ ውስጥ የተለቀመው ምርጥ ፍሬ በርሊንና ቶኪዮ ይጠጣል፤ ለቃሚው ከወንፊት የተረፈውን ያፈላል። ሸክላውም እንዲሁ ሆነ። አገር ውስጥ እንዳናስቀረው የከለከለን ድንጋጌ ግን አልነበረም፤ የሚገዛ ሰው መጣ፣ የሚሸጥ ሰው ነበረ፣ የሚጠብቅ ተቋም አልነበረም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መርካቶ በክምር የተሸጡት ሸክላዎች ዛሬ ፓሪስ፣ ለንደንና ኒው ዮርክ በተርታ ቆመዋል። ፈረንጆቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። ባይሰበስቡት ኖሮ ክዳን የሌለው ማሰሮ መክደኛ፣ የልጆች መጫወቻ ሆኖ የሚቀረው ብዙ ነበር። ግን አንድ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጌታቸውን ሳክስፎን በመጀመሪያው ሸክላ መስማት ቢፈልግ የሚሄድበት ቤት አገር ውስጥ ማግኘት ይቸግረዋል፤ ይኼ ያንገበግበኛል።

አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ዓመታት መተንፈሻ ተገኝቶ ነበር። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የተከፈተው ጃዝ አምባ ወጣቶችን ከአሮጌዎቹ ጋር ያገናኝ ነበር፤ ግርማ በየነን የመሰሉ ሰዎች ሥራ በአዲስ ጣት ተነሣ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት በላው። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አምሃ እሸቴ፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ዓለማየሁ እሸቴ አረፉ፤ ያችን የመጀመሪያ ሸክላ የሠሩት ሁለቱ ሰዎች በአራት ወር ልዩነት ሄዱ።

ሸክላውን የሚጠብቅ ተቋም እስኪገኝ ድረስ፣ መቱ ወይም ጎሬ ወይም በደሌ ውስጥ የአያትህን ቤት ስታጸዳ ከቁም ሣጥን ሥር ካርቶን ብታገኝ፣ ክረምቱ ቀድሞህ ደርሷል ማለት ነው። ጎሬ ከአገሪቱ ዝናብ አብዝቶ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ እርጥበቱ በወረቀት ከረጢቱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው ወደ ቦዩ ይገባል። ሸክላዎቹን አትደራርባቸው፤ እንደ መጽሐፍ አቁማቸው። መሃሉ ላይ አምሃ፣ ካይፋ ወይም ፊሊፕስ የሚል ጽሑፍ ካለ ለማንም ከመደወልህ በፊት ራስህ አዳምጠው። መርፌው አሮጌ ከሆነ ሸክላውን አታስነካው፤ ቦዩን ይቆርጠዋል፤ አዲስ መርፌ ከአዲስ አበባ አስመጣ፣ 600 ኪሎ ሜትር ቢሆንም። ስታጥበው የተጣራ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል፤ በዙሪያው እንጂ ከመሃል ወደ ዳር አትጥረግ። ከቪኒሉ ላይ ያለው ቅባት እምቢ ካለ ጥቂት አልኮል ውሃው ላይ ጨምር። ከባድ ከሆነና 78 የሚል ቁጥር ካየህበት ግን አልኮሉን አርቀው፤ እርሱ ገና የጥንቱ ሙጫ ነው፣ ይሟሟል።